ዝገቱና ነጩ ከሰማይ መጣ ወይስ እዚሁ ተሠራ? ሜትዮራይት ነው ብላችሁ የጠረጠራችሁትን ድንጋይ ደረጃ በደረጃ መመርመሪያ

ከድሬዳዋ እስከ ሽንሌ ሜዳ፣ ከሐረር እስከ ባቢሌ ጥቁርና ከባድ ድንጋይ አግኝቶ ወደ ቤቱ የሚወስድ ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው ሰው ቤት እንደገባ የሚያደርገው ነገር ማጠብ ነው፤ ነጩን በአቼቶ፣ ዝገቱን በሎሚና በሽቦ ብሩሽ። እንዲህ የታጠበ ድንጋይ ሜትዮራይት (ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ) ሆኖ ቢገኝ እንኳ ትልቁ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል፦ ነጩ ካርቦኔት (እንደ ኖራ ያለው ማዕድን) እና ቡናማው የብረት ኦክሳይድ (ዝገቱ) መቼና የት ተፈጠሩ? ይህ መመሪያ ማስረጃውን ሳታጠፉ ጥያቄውን እንድትመልሱ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ሦስቱ ጊዜያት

የብረት ኦክሳይድ በአንድ ሜትዮራይት ላይ በሦስት የተለያዩ ጊዜያት ሊሠራ ይችላል። አንደኛው ድንጋዩ ገና የአስትሮይድ (ፀሐይን የሚዞር ትልቅ የጠፈር ድንጋይ) አካል ሳለ፣ የቀለጠ በረዶ ብረቱን ሲበላው ነው። ሁለተኛው ድንጋዩ በከባቢ አየር ውስጥ ሲወርድ ነው፤ ላዩ ይቀልጥና ማግኔታይት (ማግኔት የሚስበው ጥቁር የብረት ኦክሳይድ) ያለበት ቀጭን ጥቁር ቅርፊት ይሆናል። ሦስተኛው መሬት ላይ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ያ ተራ ዝገት ነው። ካርቦኔት ግን የሚሠራው በመጀመሪያውና በመጨረሻው ጊዜ ብቻ ነው።

ስለዚህ ድንበሩ የቃጠሎው ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ የቆረጠው ሥር (በድንጋዩ ውስጥ እንደ ክር የተዘረጋ የማዕድን መስመር) ከሰማይ የመጣ ነው፤ ቅርፊቱን ራሱን የቆረጠው ሥር እዚህ የተሠራ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ይህን ቅደም ተከተል በዓይን ለማየት የሚያዘጋጁ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 10 እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ፤ የሰዓት ሠሪ ማጉያም ይሆናል
- እስከ 1 ግራም የሚለይ ሚዛን
- ደረቅ፣ የተነፋ ጤፍ፣ ድንጋዩን ዙሪያውን ከነአናቱ የሚያስገባ ቀጥ ያለ ኩባያና ማስመሪያ
- የማይፈለግ የቡና ሲኒ (ቂጡ ላይ ያለው ያልተቀባ ቀለበት ያስፈልገናል)
- ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት
- ቁጥር 120 እና 400 የብርጭቆ ወረቀት
- አቼቶ፣ መስታወት፣ ምስማር፣ ከፋርማሲ የተገዛ 96 በመቶ አልኮል
- ፎይል፣ ንጹሕ የላስቲክ ከረጢትና እርጥበት መጣጭ (ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጡት ትንንሽ ከረጢቶች ብዙውን ጊዜ እርጥበት ጠግበው ስለሚመጡ አትታመኑባቸው)

ፈጽሞ የማይደረጉ

ውሃ አታስነኩት። በረኪና አታስጠጉት፤ ክሎሪኑ ወደ ብረቱ ገብቶ ዝገቱን ለዓመታት ያራባዋል። የመኪና ባትሪ አሲድ አትጠቀሙ። ቆዳና ዓይን ከማቃጠሉም ሌላ ሰልፈሪክ አሲድ ካልሳይትን (ዋናውን የኖራ ማዕድን) ወዲያው በጂፕሰም ስለሚሸፍነው መፍላቱ ይቆማል፣ እናንተም «ካርቦኔት የለውም» ብላችሁ ትሳሳታላችሁ። ማግኔትም በሙሉው ድንጋይ ላይ አታሳርፉ። በድንጋዩ ውስጥ ያለው ማግኔታይት ጥንታዊ የመግነጢስ መዝገብ ይይዛል፤ ጠንካራ ማግኔት አንዴ ሲነካው ያ መዝገብ ይጠፋል።

ደረጃ 1፦ ሳታነሱት አንብቡት

1. ድንጋዩን ካለበት ሳታንቀሳቅሱ ከላይና ከአራቱም ጎን ፎቶ አንሱ።
2. ወደ ሰማይ የዞረውን ፊት በእርሳስ ትንሽ ነጥብ ምልክት አድርጉበት።
3. ስታነሱት በእጅ ሳይሆን በፎይል ያዙት።
4. በ2 ሜትር ዙሪያ ካሉት ተራ ድንጋዮች ሦስቱን አብራችሁ ውሰዱ፤ እነሱንም የትኛው ፊታቸው ከታች እንደነበር ምልክት አድርጉ።

አራተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ በእኔ ግምት ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። እነዚህ ሦስቱ ምስክሮቻችሁ ናቸው። ከድሬዳዋ በስተደቡብ ያለው ገደል፣ ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ያለበት ማለት ነው፣ የኖራ ድንጋይ ነው። ዝናብ ከአፈሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየያዘ ኖራውን ያሟሟል፤ ውሃው በደቻቱ ወንዝ አሸዋም ሆነ በሜዳው ሲተን ካልሳይቱ ይቀራል። በማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ያው ማዕድን ነው። እርጥበት ከድንጋይ ሥር ስለሚቆይ ነጩ ቅርፊት በብዛት የሚጋገረው ከታች በኩል ነው። ሦስቱም ምስክሮች ከሥራቸው ተመሳሳይ ነጭ ካላቸው፣ በእናንተ ድንጋይ ላይ ያለው የውጪ ነጭም የአካባቢው አፈር ሥራ ነው።

ድንጋዩ ቀድሞውኑ ቤት ከገባና ቦታው ከተረሳ፣ ከዚህ ደረጃ የሚተርፈው ነጩ በአንድ ፊት ብቻ መሆን አለመሆኑን ማየት ነው።

ደረጃ 2፦ የቃጠሎ ቅርፊት ፈልጉ

በጠዋት ፀሐይ፣ ብርሃን በጎን እንዲመጣ አድርጋችሁ በማጉያ ዙሩት። የቃጠሎ ቅርፊት ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር የሳሳ ነው፤ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ነው፤ ከውስጡ አካል በግልጽ የተለየ ነው፤ ካልተሰበረ በቀር ድንጋዩን ዙሪያውን ይሸፍናል።

እዚህ አካባቢ ሁለት ነገሮች ያሳስታሉ። አንደኛው የበረሃ ቀለም ነው። የሽንሌ ሜዳ ባዛልት በማንጋኒዝና በብረት ኦክሳይድ ተለብጦ ያብረቀርቃል፤ ይህ ግን ለአየር በተጋለጠው ፊት ብቻ ነው፣ የተቀበረው ፊት የለውም። ሁለተኛው የብረት ማቅለጫ ዝቃጭ ነው። ድሬዳዋ የባቡርና የጋራዥ ከተማ ስለሆነች ዝቃጭና የወዳደቀ ብረት በየቦታው አለ። ዝቃጭ በውስጡ ክብ ክብ የአየር ቀዳዳዎች ይኖሩታል፤ ሜትዮራይት ውስጥ እንዲህ ያለ ቀዳዳ እጅግ ብርቅ ነው። ውስጡ ስፖንጅ የመሰለ ከሆነ እዚሁ አቁሙ።

ደረጃ 3፦ እፍጋቱን በጤፍ ለኩ

ድንጋይን ውሃ ውስጥ ነክሮ መለካት የተለመደ ነው፤ እዚህ ግን አይሆንም። የሰማይ ካርቦኔት በብዛት ያለባቸው ሜትዮራይቶች ውሃ የሚያፈርሳቸው ናቸው። ቤተ ሙከራዎች ለዚህ ሲሉ ትንንሽ የመስታወት ዶቃ ይጠቀማሉ፤ ጤፍ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

1. ኩባያውን እስከ አፉ ውሃ ሞልታችሁ ውሃውን መዝኑ። 250 ግራም ከሆነ ኩባያው 250 ሚሊ ሊትር ይይዛል። አድርቁት።
2. ጤፍ ሙሉ፣ 20 ጊዜ ቀስ ብላችሁ ጠረጴዛው ላይ ምቱት፣ እንደገና ሙሉና በማስመሪያ አስተካክሉ። ጤፉን መዝኑ። ለምሳሌ 210 ግራም።
3. ጤፉን ገልብጡ፣ ከሥር ጥቂት ጤፍ በትኑ፣ ድንጋዩን አስቀምጡ፣ ሙሉ፣ እንደ በፊቱ 20 ጊዜ ምቱ፣ አስተካክሉ።
4. ድንጋዩን አውጥታችሁ የቀረውን ጤፍ ብቻውን መዝኑ። ለምሳሌ 138 ግራም።
5. የጎደለው 72 ግራም ነው። 72 ለ210 ተካፍሎ በ250 ሲባዛ 85.7 ሚሊ ሊትር፤ የድንጋዩ ይዘት ይህ ነው። ድንጋዩ 300 ግራም ከመዘነ 300 ለ85.7 ሲካፈል እፍጋቱ 3.5 ይሆናል።

ሦስት ጊዜ ድገሙት። ውጤቶቹ ከ0.2 በላይ ከተራራቁ አመታታችሁ እኩል አይደለም ወይም ጤፉ እርጥበት አለው። ጤፉን ወደ እህል አትመልሱት።

የኖራ ድንጋይ 2.7 አካባቢ፣ ባዛልት ከ2.8 እስከ 3.0፣ ተራ ኮንድራይት የሚባለው የተለመደው ሜትዮራይት ከ3.2 እስከ 3.8፣ የብረት ኦክሳይድ የሆኑት ሄማታይትና ማግኔታይት 5 አካባቢ፣ የብረት ሜትዮራይት ከ7 በላይ ነው። ካርቦን የበዛባቸው ኮንድራይቶች ግን ቀላል ናቸው፤ 2 አካባቢ ወይም ትንሽ ከፍ ያሉ አሉ። ስለዚህ ድንጋዩ የቃጠሎ ቅርፊት ካለው «ቀላል ነው» ብላችሁ አትጣሉት። እንዲያውም የበለጠ ተጠንቀቁለት።

ደረጃ 4፦ መስኮት ክፈቱ

ቅርፊት በሌለበት፣ አስቀድሞ በተሰበረ ጥግ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር በ1 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቦታ ምረጡ፤ ውስጡን የምታዩበት መስኮት ይህ ነው። መጀመሪያ በ120፣ ከዚያ በ400 ቁጥር ወረቀት በደረቁ ፈግፍጉ። አቧራው ላይ አፍና አፍንጫ ሸፍኑ። የወጣውን ዱቄትና ፍርፋሪ በነጭ ወረቀት ሰብስቡ፤ ቀጣዮቹ ምርመራዎች በሙሉ የሚሠሩት በእሱ ላይ ነው።

ሞረድ አትጠቀሙ። የሞረዱ ብረት ራሱ ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ የሚያብረቀርቅ ነጠብጣብ ይመስላል፤ በማግስቱም ይዝግና የሌለ ዝገት ያሳያችኋል። ግራይንደር ደግሞ ያግላል፤ ቢጫው ዝገት በሙቀት ወደ ቀይ ይቀየራል።

በመስኮቱ ላይ የብር ቀለም ያላቸው የብረት ነጥቦች ካያችሁ፣ አንዳንዶቹም ዙሪያቸውን በግራጫና በቡናማ ቀለበት ከተከበቡ፣ ጥሩ ምልክት ነው። ቀለበቱ ዝገቱ ከጠርዝ ወደ መሐል ብረቱን እየበላ መሆኑን ያሳያል። ብረቱ ምን ያህል እንደተበላ በሚታወቀው መለኪያ መድቡ፦ ደብሊው 0 ምንም ዝገት የለም፤ ደብሊው 1 ጠርዝ ላይ ብቻ፤ ደብሊው 2 ከ20 እስከ 60 በመቶ፤ ደብሊው 3 ከ60 እስከ 95 በመቶ፤ ደብሊው 4 ከ95 በመቶ በላይ። በደብሊው 5 እና 6 ከብረቱ አልፎ ሲሊኬቶቹም (የድንጋዩ ዋና ማዕድናት) መለወጥ ይጀምራሉ።

ደረጃ 5፦ ነጩን ለዩ

ከነጩ የስንዴ ፍሬ የምታህል ቅንጣት በምስማር ጫፍ ፈልቅቃችሁ መስታወት ላይ አኑሩ። ድንጋዩ ላይ ጠብታ አታንጠባጥቡ።

1. በጥፍር ጫሩት። ከተጫረ ጂፕሰም ሊሆን ይችላል። ጥፍር አልበላው ብሎ ምስማር ከጫረው ካልሳይት ነው ብላችሁ ገምቱ።
2. ፍጩት፤ አንድ ጠብታ አቼቶ ጨምሩ፤ በማጉያ ተመልከቱ።
3. ወዲያው ፈልቶ ዱቄቱ እየጠፋ ከሄደ ካልሳይት ነው። ከሌሎቹ ካርቦኔቶች ዶሎማይት በአቼቶ እጅግ ቀስ ብሎ ይሠራል፤ ሲዴራይትና ማግኔሳይት በቀዝቃዛው ምንም ላያሳዩ ይችላሉ። ስለዚህ «አልፈላም» ማለት «ካርቦኔት አይደለም» ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ የሚያሳስተው የብረት ፍርፋሪ ነው፤ እሱም በአሲድ ውስጥ አረፋ ያወጣል። ልዩነቱ የብረቱ አረፋ ዝግተኛ መሆኑና ጥቁሩ ቅንጣት ሳይሟሟ መቆየቱ ነው። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ደግሞ ትሮይላይት የተባለው የብረት ሰልፋይድ ነው፤ የቤቱን መስኮት ክፈቱና ፊታችሁን አርቁ።

ስትጨርሱ መስታወቱን ጣሉት። አቼቶ የነካው ቅንጣት ለሌላ ምርመራ አይሆንም።

ደረጃ 6፦ ቀዩንና ቡናማውን ለዩ

ሲኒውን ገልብጡትና ቂጡ ላይ ባለው ሻካራ ቀለበት ቅንጣቱን ጫን ብላችሁ አሹት። ቀለበቱ ላይ የሚቀረውን ቀለም በቀን ብርሃን ተመልከቱ።

- ቢጫ ቡናማ፦ ጎታይት። የመሬት ላይ ዝገት በብዛት ይኸው ነው።
- የሸክላ ቀይ፦ ሄማታይት። ድንጋዩ ሁለንተናው እንዲህ ከጫረ የምድር የብረት ማዕድን ነው።
- ጥቁር፦ ማግኔታይት። ፍርፋሪውን ማግኔት ከሳበው ይጸናል።
- ምንም ወይም ፈዛዛ ግራጫ፦ ተራ ኮንድራይት የሚያሳየው ይህንን ነው።

ቢጫው ጎታይት መሆኑን ለማረጋገጥ ትንሽ ዱቄት በአሮጌ ማንኪያ አድርጋችሁ ከሰል ላይ ያዙ። ውሃው ተንኖ ወደ ቀይ ከተለወጠ ጎታይት ነበር፤ አሁን ሄማታይት ሆኗል።

አንድ ነገር በተለይ በክረምት ተከታተሉ። ድንጋዩ ከደረቁ የድሬዳዋ አየር ወደ ሐረር ዳገት፣ ወደ እርጥበቱ ሲወጣ ላዩ ላይ ማር የመሰለ ቡናማ ጠብታ ሊያላብ ይችላል። ይህ አካጋናይት የሚባለው፣ ክሎሪን የያዘ ዝገት መኖሩን ያሳያል። አካጋናይት ሲለወጥ ክሎሪኑን ይለቅቃል፣ ክሎሪኑ ወደ አዲስ ብረት ይዘልቃል፣ እንደገና ይጀምራል። ዝገት ከተበላው ብረት ከ2 እስከ 3 እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ ድንጋዩን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። በስንጥቁም ኖራ ያለው ውሃ ይገባል። እዚህ አካባቢ ቡናማና ነጭ ሥር ጎን ለጎን በአንድ ስንጥቅ ውስጥ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዝገቱ በሩን ይከፍታል፣ ካልሳይቱ ተከትሎ ይገባል።

ደረጃ 7፦ ቅደም ተከተሉን ወስኑ

አሁን ወደ ዋናው ሥራ ደርሰናል። ቅርፊቱ ከተሰበረበት ጠርዝ ሁለቱም፣ ቅርፊቱና ውስጡ፣ ጎን ለጎን የሚታዩበትን ቦታ ፈልጉ። አንድ ቀጭን ሥር ምረጡና ከውስጥ ወደ ውጭ በማጉያ ተከተሉት።

1. ሥሩ ቅርፊቱን አቋርጦ እስከ ውጭ ከዘለቀና ከውጪው ነጭ ልባስ ጋር ከተገናኘ የምድር ነው።
2. ሥሩ ቅርፊቱ ጋ ሲደርስ ከተቆረጠ፣ ጫፉም ከቀለጠ ወይም ቀለሙን ከለወጠ፣ ከመውደቁ በፊት ነበር። በ1911 ግብፅ የወደቀው ናክላ በተባለው የማርስ ድንጋይ የዝገት መልክ ያላቸው ሥሮች ከማርስ መምጣታቸው የተረጋገጠው በዚሁ ምልክት ነው።
3. ሥሩ ከስንጥቅ ጋር ግንኙነት ሳይኖረው በድንጋዩ አካል ውስጥ እንደ ነጠላ ቅንጣት ከተበተነ፣ ለሰማይ መነሻ ያደላል፤ በዓይን ብቻ ግን አይፈረድም።

ቅርፊቱ ጨርሶ ከጠፋ ይህ ደረጃ አይሠራም። በግምት አትሙሉት፤ ወደ ቤተ ሙከራ ይሂድ።

የሰማዩ ካርቦኔት እንዴት ይሠራል?

ምን እንደምትፈልጉ እንድታውቁ በአጭሩ። የፀሐይ ሥርዓት ከ4,567 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲጀምር አስትሮይዶች አሉሚኒየም 26 በተባለ ራዲዮአክቲቭ አተም መፍረስ ምክንያት ከውስጥ ይሞቁ ነበር። በረዶው ቀለጠ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የያዘው ውሃ ሲሊኬቱንና ብረቱን በላ። ብረት በውሃ ወደ ማግኔታይት ሲለወጥ ሃይድሮጅን ይወጣል፤ ከሲሊኬቱ የተለቀቀው ካልሲየም ከሟሟው ካርቦን ጋር ካልሳይት፣ ማግኔዚየም ሲጨመር ዶሎማይት ይሆናል። ሙቀቱ ከዜሮ ጥቂት ከፍ ብሎ እስከ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ ይገመታል፤ ጊዜውም የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ነው። ታንዛኒያ ውስጥ በ1938 የወደቀው ኢቩና ዶሎማይትና በእንጆሪ ቅርጽ የተከማቸ ማግኔታይት አለው፤ ይህ ማግኔታይት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እንጂ በእጅ ማጉያ አይታይም። የማርስ ድንጋይ በሆነው አለን ሂልስ 84001 ውስጥ ያሉት የካርቦኔት ክቦች ደግሞ ዕድሜያቸው 3.9 ቢሊዮን ዓመት አካባቢ ነው።

ቤተ ሙከራው የምድሩንና የሰማዩን ካርቦኔት የሚለየው በአይሶቶፕ (በክብደት በሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር አተሞች) ነው። ከ50 ሺህ ዓመት ወዲህ የተሠራ የምድር ካርቦኔት ካርቦን 14 ይይዛል። የሰማዩ ደግሞ በካርቦን 13 የበለጸገ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከምድር መለኪያው ከ20 እስከ 70 በሺህ ይበልጣል።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

*ድንጋዩ ታጥቦ ከሆነ፦* በአልኮል ቶሎ አለቅልቁት፣ ከእሳት ራቅ ብላችሁ በአየር አድርቁት፣ «በውሃ ታጥቧል» ብላችሁ ቀኑን ጻፉ። በዝምታ ማለፍ ከእጥበቱ የበለጠ ይጎዳል። ድንጋዩ ቀላልና ፍርፍር ያለ ከሆነ ግን አልኮልም አትጨምሩ፤ አድርቁት ብቻ።

*በቅርፊቱ ላይ አዲስ ነጭ ዱቄት ከወጣ፦* አትጥረጉት። በ1864 ፈረንሳይ የወደቀው ኦርጌይ የያዛቸው ነጭ የሰልፌት ሥሮች ለረጅም ጊዜ የአስትሮይድ ሥራ ተደርገው ቆይተው፣ ከወደቀ በኋላ በማስቀመጫው እርጥበት የተሠሩ መሆናቸው የታወቀው በ2001 ነው። ፎቶ አንሱ፣ ቀን ጻፉ፣ ወደ ደረቅ ዕቃ አዛውሩ።

*ማላቡ ካላቆመ፦* አዲስ እርጥበት መጣጭ ጨምሩ፤ ዘይት፣ ቫዝሊን ወይም ቫርኒሽ አትቀቡት። ክሎሪኑን ከውስጥ ያሽገዋል፣ የካርቦን ምርመራውንም ያበላሻል።

ደረጃ 8፦ ናሙና መላክ

ደረጃ 2፣ 3፣ 4 እና 6 ከተስማሙ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምድር ሳይንስ ክፍል ወይም ሜትዮራይት ወደሚመረምር ቤተ ሙከራ አድርሱ። አዲስ ሜትዮራይት በሜትዮሪቲካል ሶሳይቲ (ዓለም አቀፉ የሜትዮራይት አጥኚዎች ማኅበር) እንዲመዘገብ 20 ግራም ወይም የጠቅላላ ክብደቱ 20 በመቶ፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ በተቋም ውስጥ መቀመጥ አለበት። የምትሰጡት ቁራሽ ቅርፊትና ውስጥ በአንድ ጠርዝ የሚታዩበት ይሁን። በፎይል ጠቅልሉት፣ በከረጢት አሽጉት፤ ሦስቱን ምስክር ድንጋዮችና የቦታውን ፎቶ ለየብቻ አሽጋችሁ አብራችሁ ላኩ።